እሳቱ ከግድግዳው ማዶ

መጀመሪያ የመጣብኝ የሚያርር ሽንኩርት ሽታ ነው። ተጋብተን አሶሳ ጎጆ ከወጣን ዓመት አልሞላንም ነበር። ማድ ቤት ገንፎ እያገነፋሁ ነበር፤ ሽንኩርት የሚባል ነገር በአጠገቤ የለም። ባለቤቴን አታሂርን «ምንድን ነው የሚያርረው?» ብዬ ብጠይቀው አየሩን አሸተተና «ምንም» አለኝ። ሌላ ቀንም መጣ። እንደ ቀልድ ተውኩት።

ከዚያ ወደቅሁ።

ጉልቻው ላይ ነው የወደቅሁት። ግራ እጄ ፍም ውስጥ ገባ። እኔ አላውቅም፤ የነገሩኝን ነው የምጽፈው። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ደርሰው «አትንኳት! ይጋባባችኋል! ክብሪት አሽትቷት!» እያሉ ጮኹ። ክብሪት ተፈለገ። እጄ እሳት ውስጥ ነበር። ጓሮ ቀርከሃ ሲፈልጥ የነበረው አታሂር ሮጦ ገባ። ማንንም አልሰማም። ጎትቶ አወጣኝ።

ሆስፒታል ቁስሌ ከታሰረ በኋላ ሐኪሙ ብዙ ጠየቁን። የሽንኩርቱን ነገር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኤፒለፕሲ ነው፤ የሚጥል በሽታ። ሽታው ራሱ ምልክቱ ነው። በመንካት አይተላለፍም። ሲጥላት በጎኗ አስተኟት፤ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪቱንም ተዉት።»

ማታ ማታ የሚዋጥ ፊኖባርቢታል የሚባል ክኒን አዘዙልኝ። ልንወጣ ስንል «ክፍት እሳት አጠገብ ብቻሽን እንዳትሆኚ» አሉኝ። ከሁሉም ያመመኝ ይሄ ነው።

እህቴ ከባምባሲ መጥታ ማድ ቤቱን ተረከበች። እኔ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ቤተሰቦቼም «እሳት የማትነካ ሴት እንዴት ትዳር ትይዛለች? ወደ እኛ ትመለስ» ማለት ጀመሩ። አለቀስኩ። እነሱ እንዳሉት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

አታሂር መጥረቢያውን አነሳ። «ሰዓዳ፣ አንተ የትም አይሄድም። አንተ ቢወድቅም የማይቃጠልበት ማድ ቤት እኔ ይሠራል» አለኝ። አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ ሚስቱንም «አንተ» ነው የሚላት። ሰው ይስቅበታል፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

ግድግዳውን በቀርከሃ ሸምኖ አቆመው፤ በምድጃው በኩል ያለውን ግን በወፍራም ጭቃ ለሰነው። ምድጃውን ግድግዳው ውስጥ ቀብረን አፉን ወደ ጓሮ አዞርነው፤ እንጨቱን እሱ ከውጭ ይማግዳል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ አማስላለሁ፣ ድስቱም እንዳይገለበጥ ግማሹ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል። በመጀመሪያ በራሱ ቁመት ሠርቶት ድስቱ አገጬ ጋ ሲደርስ «ቀጭኔ ነው እንዴ ያገባኸው?» ብዬ አስፈረስኩት፤ እየሳቅን ጭቃውን እንደገና አብረን ረገጥነው። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። አንድ ሕግ ግን አወጣን፤ እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ ወሬ አይቋረጥም። ዝም ካልኩ ሮጦ ይገባል። ስለዚህ ማኩረፍ የሚባል ነገር ቀርቶብኛል፤ ስቆጣም እያወራሁ ነው የምቆጣው።

እህቴን በደስታ ሸኘናት። ሐኪሙ ያሉንንም ለጎረቤት ሁሉ ነገርን። መድኃኒቱንም ሳላቋርጥ እየወሰድኩ ብዙ ጊዜ ደህና ከረምኩ።

ክረምት ላይ የባሚያ ወጥ እየሠራሁ ያ ሽታ መጣ። «አታሂር» ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ ጨለመ።

ስነቃ በጎኔ ተኝቻለሁ። ጭንቅላቴ ስር የአታሂር ሸሚዝ አለ። ሰው ተሰብስቧል። አንዱ «ክብሪት!» ሲል እማማ ዘይነባ «ምን ክብሪት አለ! ሐኪም ያለውን አልሰማህም? ወግድ፣ አየር ታግኝ!» ብለው አባረሩት። እጆቼን አየኋቸው። ደህና ናቸው። ወጡ አሯል። በዚህ ጊዜ ግን ሽታው የእውነት ነበር፤ ሁላችንም ሸተተን።

ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን አስተካከሉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልጣለኝም። እሳቸውን፣ እማማ ዘይነባንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህ ሕመም ያለባችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ተሻለኝ ብላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ጾም ሲመጣም አወሳሰዱን ሐኪም ጠይቁ። ከጎረቤት አትደብቁ፤ ቀድሞ ያወቀ ሰው በጎን ያስተኛል። እሳታችሁን ክደኑት እንጂ ማድ ቤታችሁን አትልቀቁ። አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ደግሞ እንጨት አስይዙት።

እኛ ቤት ዛሬም እንጨቱ ከውጭ ይገባል። ትንሽ ዝም ካልኩ ከግድግዳው ማዶ ድምፁ ይመጣል።

«ሰዓዳ፣ አለህ?»

«አለሁ» እላለሁ።