ሥዕሉ ላይ ያረፈ እጅ

ለልጄ መጽሐፍ መምረጥ የጀመርኩት አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። መምህሯ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ቤቷ ታንብብ ብላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላከች። ወረቀቱን ያነበበልኝ ባለቤቴ ነው። እሱ መንገደኞችን ወደ ኤርፖርት በቫን ስለሚያመላልስ ጠዋት ወጥቶ የሚገባው ከመሸ ነው። ስለዚህ ሃያዋ ደቂቃ የእኔ ሆነች። እኔ ደግሞ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው።

በሰው አገር፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባል ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በእግር ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ግን በሩ ጋ ቆሜ የሚገባውንና የሚወጣውን ሳይ ቆየሁ። ምን ፈልገሽ ነው የሚለኝ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ልጄ እጄን ለቃ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባች፤ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ መጻሕፍቱን ታገላብጥ ጀመር። አንዱን ታነሳና «ይሄን» ትለኛለች። እቀበላትና እገልጠዋለሁ። ሥዕል ከበዛበት ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ሕጌ ይኸው ነበር፤ ሥዕሉ ያነሰ፣ ፊደሉ ተለቅ ያለ።

አንድ ቅዳሜ የልጆቹ መጻሕፍት ሁሉ ሥዕል በሥዕል ሆኑብኝና ወደ ሌላው ክፍል ዞርኩ። እዚያ አንድ መደርደሪያ ላይ የፈለግሁትን አገኘሁ። ቀጭን መጽሐፍ ነው። ፊደሉ የባቄላ ፍሬ ያህላል፤ ሥዕል የሚባል ነገር የለበትም። እንዲህ ያለውን ለምን ከልጆቹ እንዳራቁት ገርሞኝ ይዤው ወጣሁ። ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ አንድ ቃል እየለቀመች አነበበችልኝ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ እረፍት ነበረውና መጽሐፉን ከሶፋው ላይ አነሳው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከላይብረሪ።»

«ስለ ምን እንደሚያወራ ታውቂያለሽ?»

«ፊደሉ ትልቅ ነው። ለጀማሪ ነው» አልኩት።

«ለጀማሪ ሽማግሌ ነው። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች የታተመ ነው። የሚያወራውም ስለ ጉልበት ሕመም ነው።» ወደ ልጃችን ዞረና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። «እማማ፣ ጉልበትዎ እንዴት አደረ?»

ልጄ ወዲያው ገባት። ወገቧን ይዛ እያነከሰች ሳሎኑን ዞረች። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ሥዕል የሌለው መጽሐፍ ለምን እንደምፈልግ ግን አልነገርኳቸውም።

አሰላ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ አንደኛ ክፍል ስማር በአንድ ክፍል ሰባ ያህል ነበርን። የአማርኛ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ አንድ ነው። መምህራችን ያነባሉ፣ እኛ ተከትለን እንላለን፤ ጩኸታችን መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። በዚህ ዓይነት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። ገጹን የምለየው በሥዕሉ ነው። ዶሮ ካለች የዶሮዋ ገጽ ነው፣ ጉድጓድ ካለ የውኃው ገጽ ነው። ማንንም ለማታለል ብዬ አልነበረም። ማንበብ ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር። ድምፄ ደግሞ ከሁሉም የጎላ ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ ለድምፄ ሲሉ ይመስለኛል፣ ሰሌዳው ጋ ጠሩኝ። ከሌላ ቀዬ የመጡ እንግዳ ከኋላ ተቀምጠዋል። የዶሮዋን ገጽ ገለጡልኝና ገና ለይቼ ሳላየው የስም መጥሪያውን ደብተር ሥዕሉ ላይ ጣል አደረጉት። ደብተሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። የትኛው ገጽ እንደሆነ ጠፋኝ።

«በይ እንጂ፣ አንብቢ» አሉኝ።

ደብተሩን በጣቴ ገፋ ላደርገው ስል ያዙት።

«የመጀመሪያዋ ፊደል ማን ናት?»

አላወቅኋትም።

«አያችሁ፣ ይቺ የምታነበው ሥዕል ነው» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሥዕል አንባቢ» ሆነ፤ ስድስተኛን ጨርሼ እስክወጣ ድረስም አልተወኝም። ፊደሉን በኋላ ለብቻዬ ለምጄዋለሁ። ያ የጎላ ድምፄ ግን አልተመለሰም። ዛሬም በቤተ ክርስቲያናችን የቤት ለቤት ኅብረት ላይ ጥቅስ በየተራ ሲነበብ፣ ተራው ሁለት ሰው ሲቀረው ልጇን ልታይ እንደምትሄድ ሴት ብድግ ብዬ እወጣለሁ።

ልጄ ሰው ፊት እንደ እኔ እንድትያዝ አልፈለግሁም። መያዝ ካለባትም እኔ ልያዛት፤ ቤቷ ውስጥ፣ ማንም ሳያይ።

የጉልበቱን መጽሐፍ መልሼ ከልጆቹ ክፍል ሥዕል ያላቸውን ወሰድኩ፤ አንድ ጥቅል ቢጫ ተለጣፊ ወረቀትም ገዛሁ። ከማንበቧ በፊት ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እሸፍናለሁ።

«ማሚ፣ የውሻውን ፊት ለምን ሸፈንሽው?»

«መጀመሪያ አንብቢ፣ ከዚያ እናየዋለን።»

ሳትደናቀፍ ካነበበች ወረቀቱን እልጣለሁ። ከተደናቀፈች እንደገና ትላለች። ባለቤቴ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየና፣ «ይሄ ንባብ ነው ወይስ ኢሚግሬሽን? ልጅቷን በፓስፖርት ነው እንዴ የምታሳልፊያት?» አለ። እሱ እንዲህ ነው፣ በሁሉም ይቀልዳል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልጄም አልሳቀችም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጽሐፍ ሳወጣ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። ስታነብ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግቼ መስማት ሆነ ሥራዬ።

ብርዱ ሲጀምር መምህሯ አስጠራችኝ። ወጣት ናት፣ እኩያዬ ትሆናለች። ልጆቹ የሚቀመጡባት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስልኳን ጠረጴዛው መሃል አድርጋ አስተርጓሚ ጠራች። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ወጣ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጉማለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ።»

መምህሯ ተናገረች፤ እሳቸውም ተከተሉ። «ልጅሽ ጎበዝ ናት ትላለች። በቁጥር ፈጣን ናት፣ ጨዋታ ትወዳለች። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ትላለች። ስታነብ ሥዕሉን በእጇ ትሸፍናለች። አጠገቧ ያለው ልጅ ሲያነብም እጇን ዘርግታ የእሱን ሥዕል ትሸፍንበታለች። ተጣልተውበታል። እጅሽን አንሺ ስላት ድምፅዋ ይጠፋል ትላለች። ምክንያቱን ታውቂው እንደሆነ ነው።»

ድምፅዋ ይጠፋል። ሌላውን ሁሉ ረስቼ ይችን ብቻ ያዝኩ።

«ልጄ፣ አለሽ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያ ተናገሪ። የምትወቀሺበት ነገር የለም።» ወዲያውም፣ «ይቅርታ፣ ይሄ የእኔ ነው። እሷ አላለችም» አሉ።

አላውቅም ልል ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ብዙ ጊዜ አውጥታኛለች። ነገር ግን በበሩ መስታወት በኩል ልጄ ትታየኛለች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ መጽሐፍ ዘርግታለች። የግራ እጇን ጣቶች ከፍታ ገጹ ላይ አሳርፋቸዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን ያለው አይመስልም።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አልኩ።

ከዚያ ነገርኳቸው። ትንሽ እላለሁ፣ እሳቸው ያስተረጉማሉ፣ ደግሞ ትንሽ እላለሁ። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር፤ ስልክ ፊት ስለሌለው ይቀላል። ሰባ ተማሪ እንደነበርን፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ደብተሩ። መምህሩ ያሉኝን ስናገር ትርጉሙ ቀረ። መምህሯ ስልኩን አየችው።

«አባባ?» አልኩ።

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ። ከዚያም አስተረጎሙት።

መምህሯ ልትናገር ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። እኔ ግን ጥያቄ ነበረኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ እሱን ነበር የያዝኩት።

«ፊደሉን በእውነት ታውቃለች? በቃሏ ይዛው አይደለም?»

ይህ ሲነገራት መምህሯ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ቀስ ብላ ተናገረች። «ታውቃለች ትላለች። ራሷ ፈትናታለች፤ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀውን ቃል ሰጥታት አንብባዋለች። ማንም የሚይዛት የለም ትላለች። ሥዕሉ ግን የታሪኩ እኩሌታ ነው፤ ሸፍና ስታነብ ግማሹን እያጣች ነው። ደስ እንዲላት መጽሐፉን ራሷ ትምረጥ ትላለች።» ደግሞም ጨመሩ። «እኔም በዚህ ዕድሜዬ ይሄን መስማቴ ነው። እሱም የእኔ ነው።»

አመንኩ አላመንኩ አላውቅም። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። እዚሁ ከተማችን፣ ሶዶ በሚሉት ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ትልቅ ቤት ነው የምሠራው። በየማሽኑ ላይ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥሩ ጽሑፍ አለ። በቀይ መስመር የተሰረዘ እጅ፣ እንፋሎት፣ የሚንሸራተት ሰው። በማድረቂያው ፊት ቆምኩና ሥዕሉን በመዳፌ ሸፍኜ ጽሑፉን ለማንበብ ሞከርኩ። ከመስመሩ ሁሉ ያወቅሁት ሁለት ቃል ነው። እጄን አነሳሁ። ሁሉም ገባኝ፤ እንዲህ እያየሁ ነው አንድም ቀን ሳልቃጠል የቆየሁት። እንደገና ሸፈንኩ። አሁን ከሥዕሉ የቀረልኝን ይዤ አንድ ሦስተኛ ቃል አገኘሁ።

አንሶላ አብራኝ የምታጥፈው ሴት ከኤርትራ ናት፤ አዲስ አበባ ነው ያደገችው። «ምነው፣ ማሽኑ ትኩሳት አለው እንዴ?» አለችኝ።

«የለውም» አልኩ።

«ግንባሩን ይዘሽ ቆመሽ እኮ ነው።»

ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ስንገባ ልጄን፣ «ዛሬ መጽሐፉን አንቺ ትመርጫለሽ» አልኳት።

«ሥዕል ያለውንም?»

«ሥዕል ያለውንም።»

«ቢጫው ወረቀትስ?»

«ቤት ቀርቷል።»

ቦርሳዬን ከፍታ ካየች በኋላ ነው ያመነችኝ። ከዚያ አንድ በአንድ እያመጣች እግሬ ሥር ከመረች። ቁጭ ብዬ አየሁ እንጂ አንዱንም አልመለስኩም። ከሁሉም ላይ ያስቀመጠችው ዝናብ ስለምትፈራ ዳክዬ የሚያወራውን ነው። ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጽሐፉን ስገልጠው እጇ ራሱ ሄዶ የዳክዬዋ ፊት ላይ አረፈ። ልጄ እጇን ያየችው አይመስለኝም።

እጄን ከሥሩ አስገብቼ አነሳሁትና ጉልበቴ ላይ ይዤው ቆየሁ። ሥዕሉን ረዥም ጊዜ አየችው። ዳክዬዋ ጃንጥላ ሥር ተኮራምታለች፤ የጃንጥላው አንድ ጎን ተቀዷል። ልጄ ማንበብ ጀመረች። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ሥዕሉን በጨረፍታ አየችና ቶሎ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ከማሰሮ ሥጋ እንደሚሰርቅ ልጅ።

«እይው» አልኳት። «ደህና አድርገሽ እይው።»

አየችው፤ ወደ ቃሉ ተመለሰች፤ ቃሉን አለችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድምፅዋን ለመስማት ጆሮዬን ማስጠጋት አላስፈለገኝም።

መጽሐፉ ሲያልቅ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ ታዲያ ለምን ትሸፍኚው ነበር አለችኝ። ትንሽ ሳለሁ መምህሬ የእኔን ሥዕል እንደሸፈኑብኝ ነገርኳት። ሳቁን አልነገርኳትም።

«ሥዕሉ ምን ነበር?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። «ዶሮ» አልኩ። «ቡናማ ዶሮ፣ ከአራት ጫጩቶች ጋር። አንዷ ወደ ኋላ ቀርታ እግሯን ውኃ መጠጫው ውስጥ ነክራለች።» ይህን ያህል እንደማስታውስ እኔም አላውቅም ነበር።

ተነስታ ከጠረጴዛው ላይ አጭር እርሳስና ቁራጭ ወረቀት አመጣችልኝ። «ሣይው።»

«አልችልም።»

«ፕሊስ፣ ማሚ።»

ሣልኩት። ዶሮዋን አዙራ አየቻትና፣ «ጫማ ትመስላለች» አለች። መንቁር ጨመርኩላት።

«ኦኬ። ከሥሯ ምን ይላል?»

ከሥሯ በአማርኛ ዶሮ ብዬ ጻፍኩ። ልጄ የአማርኛ ፊደል አታውቅም፤ አንዱንም አላስተማርኳትም። እንግሊዝኛው ይቅደም ብዬ ነበር። ጣቷን ከመጀመሪያዋ ፊደል ሥር አኖረች። ሥዕሉን አየች። ፊደሉን አየች። ሥዕሉን ደግማ አየች።

«ዶ» አለች። ጣቷን አሻገረች። «ሮ።»

ድምፅዋ ጮክ ያለ ነበር። ኮምፒውተር ላይ የነበሩ ሰውዬ ዞር ብለው አዩን፤ እሷ አላየቻቸውም። ከሥዕሉ እንደወሰደችው አውቃለሁ። ዶሮዋን በመዳፌ ብሸፍናት ኖሮ ዝም ትል ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። መዳፌ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ እዚያው ተውኩት።

«ሌላም ጻፊ» አለችኝ።

እርሳሱን አነሳሁና ወደ ኋላ የቀረችውን ጫጩት መሣል ጀመርኩ።