ቀጭኗ አልቦ

ሰሞኑን ቆቦ ላይ በተከፈተችው ባለ አንድ ክፍል ሙዚየም ውስጥ፣ ከጣሊያን ጊዜ ከተረፈ የተጨማደደ ኮዳ አጠገብ፣ ጥንድ የብር አልቦ አይቼ ቆሜ ቀረሁ። አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን ናት። «የራያ ሙሽራ አልቦ፤ ሠሪው ያልታወቀ» ይላል ጽሑፉ። እኔ ግን ሠሪውንም፣ አንዷ ለምን እንደቀጠነችም አውቃለሁ።

አክስቴ ፋጡማ ልታገባ ስትል ያጠራቀመችውን ጠገራ ብር በጨርቅ ቋጥራ፣ ሮቢት ወዳለው ብር ሠሪ ወደ ጋሼ እንድሪስ ላከችኝ። እኔ ደግሞ ያላየሁት ነገር እንቅልፍ የሚነሳኝ ልጅ ነበርኩና መንገድ ላይ ቋጠሮውን ፈታሁት። በየብሩ ላይ ያችው ደረተ ሙሉ የፈረንጅ ሴትዮ አለች፤ እሳት ስትገባ ፀጉሯ ይሆን ቀድሞ የሚቀልጠው ወይስ አፍንጫዋ እያልኩ ስመራመር አንዷ አሳዘነችኝ፤ ኮንጎ ጫማዬ ውስጥ ደበቅኳት። ጋሼ እንድሪስ ሳነክስ አይቶ እሾህ የወጋኝ መስሎት ሊነቅልልኝ ወረንጦውን አነሳ። እግሬን ሰብስቤ እንቢ አልኩ፤ ከዚያም ወናፉ አጠገብ ተቀምጬ የቀሩት ሴትዮዎች ሲቀልጡ አየሁ። ፀጉርም አፍንጫም የለ፣ ሁሉም ባንዴ ነው የሚሄደው።

አንደኛዋ አልቦ ቀጥና ስትመጣ አክስቴ እሱን ጠረጠረች። «ወላሂ፣ የመጣልኝን ነው የሠራሁት» አለ። ማንም በአደባባይ ሌባ አላለውም፤ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ሴቶቹ ብራቸውን ጎብዬ ከተማ ወዳለ ሌላ ሠሪ ይወስዱ ጀመር። እኔ አለንጋ ፈርቼ ዝም አልኩ። ዓመት ሳይሞላ ወናፉን ጠቅልሎ ከሮቢት ወጣ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አክስቴም ሳልነግራት አለፈች። ጠገራዋ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ናት፤ ፀጉሯ እንደተሠራ፣ አፍንጫዋ እንደቆመ። ጎብኚ የምታስተናግደዋን ልጅ ጠራሁና ብሩን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ከዚህ አልቦ የጎደለው ይሄ ነው፤ የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ሠሪውን እንድሪስ ብለሽ ጻፊልኝ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አወጣች። «እንድሪስ ማን ልበል፣ እትዬ?»

ስለ ሴትዮዋ አፍንጫ ያን ያህል የተጨነቅሁት ልጅ፣ እሾህ ሊነቅልልኝ የነበረውን ሰው የአባቱን ስም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።