ያላየነው የባሕር ቀንድ አውጣ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነው ኬላ ላይ ፈታሾች ከሚኒባስ ያወረዱኝ። መታወቂያዬን አዩ፣ ቦርሳዬን ገለበጡ፣ መምህር መሆኔን ጠየቁኝና «አንተ እዚህ ቅር» አሉኝ። ሚኒባሱ ያለ እኔ ቁልቁል ወረደ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የማሽላ ሽታ ገና አልለቀቀውም። የመጀመሪያውን ቀን ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ሰው ይፈራል፣ ያለቅሳል ይላሉ፤ እኔ ደንዝዤ የሲሚንቶውን ስንጥቅ ሳይ ዋልኩ።

ከጎኔ የተኙት ሽማግሌ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። ሰኞ ገበያ ጎመን ሸጠው ሲመለሱ ነው የያዟቸው። ለምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም።

«አብሽር መምህር፣ ያልፋል» አሉኝ በሁለተኛው ቀን።

እሳቸውን የጨነቃቸው አንድ ነገር ነበር። ባለቤታቸው ዓይናቸው ደክሟል፣ ድንቹ ደግሞ ደርሷል። «ማን ያወጣላታል?» ይላሉ። በቀን አሥር ጊዜ ይላሉ። እኔ ወደ ስንጥቄ እዞራለሁ።

በሩ አጠገብ በተቆረጠ ጀሪካን የተተከለ አበባ ነበር፤ ቀለሙ ሮዝ፣ አምስት የአበባ ቅጠል ያለው፣ ከየግቢው የማይጠፋው ዓይነት። ጠዋት ለአየር ስንወጣ ሽማግሌው በጆግ የተሰጣቸውን ውሃ ይዘው እዚያ ጎንበስ ይላሉና ለሶላት ውዱአቸውን ያደርጋሉ። ከክንዳቸው የሚንጠባጠበው ሁሉ አፈሩ ላይ ይወርዳል።

«ውሃ ሜዳ ላይ መድፋት አላህ ዘንድ ወንጀል ነው» አሉኝ። ከዚያ «ይኼ አበባ ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በአማርኛ አላውቀውም። በእንግሊዝኛ ፔሪዊንክል ይሉታል።» አስተማሪ አይደለሁ፣ እዚያ ላይ አላበቃሁም። «ይኸው ቃል የባሕር ቀንድ አውጣም ስም ነው። ትንሽዬ ነች፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ የምትኖር።»

«አበባና ቀንድ አውጣ ባንድ ስም?»

«ባንድ ስም።»

«ሱብሃን አላህ። እኔ ያየሁት ትልቅ ውሃ ሐይቅን ነው። ባሕር ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

ወደዱት። ቀኑን ሙሉ የጣታቸውን አንጓ እየቆጠሩ ቃሉን ደጋገሙት። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ጠባቂው ግን ሰምቶ ኖሯል፤ በሦስተኛው ቀን ሁለታችንንም ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ወዳለው ክፍል ጠሩን።

መርማሪው ጉንፋን ይዞት ነበር። አፍንጫውን እየጠረገ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባት፣ ሲደጋግሟት የነበረችው ቃል የምን ምልክት ናት? ይኼ መምህር ለማን ያድርሱ ብሎ ነው የሰጠዎት?»

«የአበባ ስም ናት።»

«እኔን አያሞኙኝ። መልእክት አስይዞኛል ብለው ይማሉ፣ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ይማሉና ይሂዱ ብዬም አስቤያለሁ። ለእሳቸው አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን አይደለም፣ ታክቶኝ ነው።

ሽማግሌው «ለመሐላ ከሆነ ውዱእ ላድርግ። ውሃ ስጡኝ» አሉ።

መርማሪው ደስ አለው። ውሃ በጆግ ሰጧቸውና ይዘው ወጡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም እናያቸዋለን። ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ ብለው እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን ታጠቡ፤ ራሳቸውን አበሱ። እግራቸውን አንድ በአንድ እያነሱ እዚያው ታጠቡ። አልቸኮሉም። ጆጉ ውስጥ የቀረችውን አበባው ሥር ደፏት። ክንዳቸው እንደራሰ ተመለሱና መርማሪው ፊት ቆሙ።

«አበባውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቀንድ አውጣዋን አላየሁም፤ እሱ ነው የነገረኝ። ወላሂ፣ ሌላ የነገረኝ የለም።»

መርማሪው እስክሪብቶውን ከደነ። «መልሷቸው» አለ።

መጋዘኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። «ድንቹስ?» አልኩ።

«ድንች እኮ ነው፣ ለከርሞም ይተከላል» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንቹ አንድም ቀን አላነሱም። እኔም አፈርኩ። ከታሰርኩ ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። እሳቸው የወጡት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ድንቹን ጎረቤት ደርሶ አወጣላቸው፤ ግማሹ በስብሶ ነበር አሉ።

አሁንም ደሴ አስተምራለሁ። ለዒድ እደውልላቸዋለሁ። ሁልጊዜ ከሰላምታው በኋላ «ያቺ ቀንድ አውጣ ደህና ነች?» ይሉኛል።

«ደህና ነች፣ አልሃምዱሊላህ» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ።

እኔም ቀንድ አውጣዋን አይቻት እንደማላውቅ አልነገርኳቸውም። ባሕርም አላየሁም። ቃሉን ያገኘሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ነው፤ ሥዕል እንኳ አልነበረውም። እሳቸው ያላዩትን አላየሁም ብለው ማሉ። ያን ቀን እኔን ማል ያለኝ ሰው የለም። ቢለኝ ኖሮ ምን እል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።