የኑሪያን ውጤት ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለአንተ የምጽፍልህም ስለማታውቀኝ ነው። የኑሪያን የጥናት ውጤት ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ወልቂጤ አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ነበር የምንሠራው፤ እሷ የቡታጅራ ልጅ፣ እኔ የአገና። ለማስተርሷ የእንሰት አጠውልግ በሽታን ታጠና ነበር። ለጥናቷ የጻፈችው የስሌት ኮድ ለእኛ ኮምፒውተር ስለከበደ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች ተጣምረው ወደሚሠሩበት አዲስ አበባ ያለ ክላስተር በኢንተርኔት ላከችው። እዚያ ውጤት አይከርምም፤ ቶሎ ካልወረደ ሲስተሙ ራሱ ጠርጎ ያጠፋዋል። መሀል ላይ እናቷ ታመሙና ቡታጅራ ሄደች። የክላስተሩንና የኢሜይሏን የይለፍ ቃል ሰጥታኝ፣ እንዳለቀ አውርድልኝ፣ አደራ አለችኝ። አደራዋን በላሁ።

ስሌቱ ያለቀው ለመስቀል አገር ቤት በምገባበት ቀን ነው። ማውረድ ጀመርኩ፤ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል። ወንድሜ ከመናኸሪያ ደጋግሞ ይደውላል፣ ሚኒባሱ ሊወጣ ነው። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ ሳልደርስ አባቴ በሬውን አያርድም። አቋርጬ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ክትፎው ፊት ተቀምጬ ረሳሁት ብል እዋሻለሁ፤ ትዝ ብሎኛል። ነገ፣ ነገ እያልኩ በዓሉን ጨረስኩ። ስመለስ ፎልደሩ ባዶ ነበር።

ያኔ እውነቱን ብነግራት ምን ነበረበት? ብትቆጣኝ ነው፤ ሌላ ምን ትሆናለች? እኔ ግን ስሌቱ በትክክል መጠናቀቁን የሚገልጸውን መልእክት ከኢሜይሏ ሰረዝኩና ደወልኩላት።

"ኑርዬ፣ መሀል ላይ ተቋርጧል። ኮድሽ ላይ ስህተት ሳይኖር አይቀርም።"

"ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንተንም በበዓል አደከምኩህ" አለችኝ።

ስትመለስ ስህተቱን መፈለግ ጀመረች። እኔም አብሬያት ፈለግኩ! አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀምጬ፣ እንደሌለ የማውቀውን ስህተት ፈለግኩ። ይሄ መስመር ይሆን እንዴ እያልኩ በጣቴ አሳየኋት። ደህናውን ኮድ ነካካችው፣ ተበላሸ። እንደገና ስታስተካክል፣ ክላስተሩ ላይ እንደገና ተራ ስትጠብቅ፣ የመመረቂያ ጊዜዋ አለፈ። ውጭ አገር ያገኘችው የዶክትሬት ዕድልም አብሮ አመለጣት።

አሁን ቡታጅራ ታስተምራለች። ስልኬ ላይ ስሟን ባየሁ ቁጥር፣ ዛሬ ደረሰችበት እላለሁ። ሰሞኑን ደውላ ነበር። ለተማሪዎቿ የራሷን ስህተት እያነሳች ተጠንቀቁ እንደምትላቸው ነገረችኝ። ያን ጊዜ ከጎኗ ያልተለየ ጓደኛ እንደነበራትም ትነግራቸዋለች። ምክር እንድትሰጣቸው ና አለችኝ፤ እሺ አልኩ።

ነገ እሄዳለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ በዓል ነበር አልልም። ይቅርታ ከመለመኔ በፊት በተማሪዎቿ ፊት የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ እባክህ አፌ እንዳይያዝ ጸልይልኝ።

ኑሪያ፣ ኮድሽ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም።