የናይጅል ልክ እና የእሷ ልክ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የምጽፈውም የደንበኛ ስምና የወገብ ልክ ብቻ ነው። እትዬ ብዙነሽ ግን "አዲስ የሚገቡት ልጆች ስህተትሽን እንዳይደግሙ ጻፊላቸው" አሉኝ። እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ይኸው።

እትዬ ብዙነሽ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ የሚባል መንገድ ላይ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ አላቸው። ወንድሜ አሜሪካ ባስመጣኝ በሁለተኛው ሳምንት እሳቸው ጋ ወሰደኝ። በመጀመሪያው ቀን መተርተሪያ ሰጡኝና አንድ ክምር ሱሪ አሳዩኝ። በሱቃችን ማዕረግ አለ፤ መጀመሪያ ተርታሪ፣ ቀጥሎ ዘምዛሚ፣ ከዚያ ሰፊ። ከሁሉም በላይ ልክ የሚወስደው ነው፤ ሰው መንካትና ሰው ማናገር አለበትና። እኔ ተርታሪ ሆኜ ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ሱሪ አያናግርም።

እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ይገባኛል፤ ከአፌ የሚወጣው ግን "ኦኬ" ብቻ ነበር። አንዲት ደንበኛ "እጅጌዬን ቆረጥሽው እንዴ?" ብላ ስትጮህብኝም ኦኬ ብያለሁ።

ናይጅል የመጣው ሰፊ በሆንኩ በዓመቱ ነው። ራሰ በራ፣ ቀጭን፣ ከሃምሳ ያለፈ እንግሊዛዊ ነው። ዚፑ የተበላሸ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ይዟል።

"የባለቤትህ ነው?" አሉት እትዬ።

"የኔ ነው" አለ።

ሥራው እንደ ሴት ለብሶ መድረክ ላይ መዝፈንና ሰው ማሳቅ ነው። የመድረክ ስሙ ሌዲ ቲፖት ይባላል። እትዬ ወዲያው "ወይዘሮ ማንቆርቆሪያ" ብለው ተረጎሙት።

እኔ የቤተክርስቲያን ሰዎች ቢሰሙ ምን ይላሉ ብዬ ተጨነቅሁ። "እትዬ፣ ይሄን መስፋት ኃጢአት አይሆንም?" አልኳቸው።

"ዚፕ ሃይማኖት የለውም። ስፊ!" አሉኝ።

ናይጅል ልክ ሲወሰድለት ያወራል። ሥራውን የጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በአንዲት የእንግሊዝ ወደብ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚጠጡበት ቤት ነው። የእናቱን መጋረጃ ቀሚስ አድርጎ ወጣ። ዓሣ ወረወሩበት።

"ምን አደረግህ?" አሉት እትዬ።

"ወስጄ ጠበስኩት። በማግስቱ ተመልሼ 'ዛሬስ ሎሚ የያዘ አለ?' አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ወደዱኝ።"

ቀጥሎ አሥራ አምስት ዓመት የመንገደኞች መርከብ ላይ ሠራ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ መጣና ኮሪያታውን በሚባል ሰፈር ባለ ምግብ ቤት፣ እሑድ እሑድ ቀትር ላይ ይጫወት ጀመር። ስለ ራሱ ሲያወራ "እኔ" ይላል፤ ስለ ሌዲ ቲፖት ሲያወራ ግን "እሷ" ይላል፤ እንደ እህቱ ነው የሚያማት።

አንድ ቀን ተክዞ መጣ። አሜሪካ የሚሠራበት የፈቃድ ወረቀቱ ሊያልቅ ነው። ለማሳደስ የምግብ ቤቱ ማናጀር ደብዳቤ መፈረም አለበት፤ ማናጀሩ ደግሞ "ሕዝቡ ሰልችቶታል፤ በሚቀጥለው እሑድ አይቼ እወስናለሁ" ብሎታል። ስለዚህ አዲስ ቀሚስ አዘዘ፤ ቀይ ከፋይ፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል።

ልክ ለመውሰድ በተቀጠረበት ቀን እትዬ አልነበሩም። ማዘዣው ላይ "የእሷን ልክ ውሰጂ" ብለው ጽፈውልኛል። ናይጅል ብቻውን ገባ። ሴት የለችም። እትዬ መነጽር ሳያደርጉ "የእሱን" ለማለት "የእሷን" ጻፉ ብዬ አሰብኩ።

ናይጅል አንድ ቦርሳ ወንበሬ ላይ አስቀመጠ። "ቁመቱን ከኔ ውሰጂ። ለሌላው እሷ ቦርሳው ውስጥ ናት" አለኝ።

"ኦኬ" አልኩት።

ከማፈሬ የተነሳ ሜትሩን በካናቴራው ላይ አዙሬ በአንድ ደቂቃ ጨረስኩ። አንድ ነገር ሊጨምር ሲል "ኦኬ፣ ኦኬ" ብዬ ሸኘሁት።

ቦርሳውን ስከፍት ሁለት ወፋፍራም ስፖንጆች አገኘሁ። ለልብስ ሰፊ ወገብ የሚያስብ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ብዬ ወንበሬ ላይ አነጠፍኳቸው። አራት ቀን ሙሉ እላያቸው ላይ ተቀምጬ ሰፋሁ። ተመችቶኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሊለብስ መጣ። "የታለች?" አለኝ።

ዞር ዞር ብዬ ሴት ፈለግሁ።

ናይጅል ወደ ወንበሬ አየ። "የኔ ቆንጆ" አለኝ፣ "የተቀመጥሽባት እሷ ናት።"

ስፖንጆቹ የሌዲ ቲፖት ዳሌ ነበሩ። እነሱን አድርጎ ቀሚሱን ሲለብስ በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት ጎደለ። ናይጅል ቁጭ አለ። ያንን ዓሣ የጠበሰ ሰው አቀርቅሮ ማየት ከስድብ ይከብዳል።

"ከፋዩ አልቋል" አሉ እትዬ። "የጨርቅ መሸጫው ደግሞ ሰኞ ነው የሚከፍተው። ለምን አልጠየቅሽውም፣ ልጄ?"

የሙሽሮች ጥለት የተጠቀለለበትን መደርደሪያ አየሁ። "ጥለት በጎንና በጎን እናስገባ" አልኩ።

"ምን?"

"ጥለት!" ብዬ ጮህኩ። በሱቁ ውስጥ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ መቀሱን ራሳቸው አቀበሉኝ።

በዚያው ቀን ጎኑን ተርትሬ ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት ወርቃማ ጥለት አስገባሁ። እሑድ ዚፑ እንዳይከዳን ምግብ ቤቱ ድረስ ሄጄ ቀሚሱን ገላው ላይ ሰፋሁት። ስፒሎች በከንፈሬ ይዤ "አትተንፍስ!" አልኩት። በእንግሊዝኛ።

"እሺ፣ አለቃ" አለኝ።

ሌዲ ቲፖት መድረክ ላይ ወጥታ በጎኗ ዞረች። ጥለቱ አብለጨለጨ። "አትደነቁ" አለቻቸው፤ "የላይኛው ክፍሌ እንግሊዛዊ ነው፤ ዳሌዬ ኢትዮጵያዊ ነው። ትናንት አንዲት ልጅ ተቀምጣበት ነበር፤ ዛሬ እናንተ ተነሱለት!" ሰዉ ምግቡን ትቶ ተነሣ። ማናጀሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲስቅ አላየሁትም፤ የዚያን ቀን ማታ ያለ እንቅልፍ አደርኩ።

አሁን ልክ የምወስደው እኔ ነኝ። ለአዲሶቹ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ያልገባችሁን ጠይቁ። መጠየቅ ከመተርተር ይቀላል።

ያኔ በማግስቱ፣ ሰኞ ቀትር ላይ የሱቁ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። ናይጅል ነው። ሲያለቅስ ይሁን ሲስቅ አልለየሁም።

"ፈረመ!" አለኝ። "ለኔም ለእሷም።"