ማቴራ ላይ ያበራሁት ሻማ

ከሲያትል ወደ ጣሊያን ከመሄዳችን በፊት ባሌን አስምዬው ነበር። እናቴ አዲስ አበባ ታማ ተኝታለች።

"እማዬ አንድ ነገር ብትሆን፣ ጉዞው ይበላሽባታል ብለህ እንዳትደብቀኝ።"

"ኦኬ፣ በቃ፤ ደግሞ ምን ትሆናለች?"

ደቡብ ጣሊያንን በመኪና ዞርን። ኮረብታ ላይ የተሰቀሉ የጥንት መንደሮች፣ መኪና በግድ የሚያሳልፉ መንገዶች፣ በር ላይ ወንበር አውጥተው አላፊ አግዳሚውን የሚያዩ አሮጊቶች። ያምር ነበር፤ ማማሩ ዛሬ ያናድደኛል። ባሌ በየመንደሩ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ስልክ ያወራል፤ ስጠጋው ይዘጋል። "ሥራ ነው" ይለኛል። እማዬ ጋ ልደውል ስል ደግሞ "እዚህ ኔትወርክ የለም" ይላል። አመንኩት። ፎቶዎቹ ላይ ጥርስ በጥርስ ሆኜ እታያለሁ።

ማቴራ በምትባል ከተማ ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ለእናቴ ጤና ሻማ አበራሁ። የበሩ ንፋስ ሊያጠፋው ሲል ባሌ በመዳፉ ከለለልኝ። እንዴት እንደወደድኩት!

ሲያትል፣ ስካይዌይ ሰፈር ያለው ቤታችን ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ተሞልቷል። "ድግስ ያለው ማነው?" አልኩ እየሳቅሁ። ባሌ ሻንጣዎቹን ማውረድ ጀመረ። በሩን ስከፍት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከተቀመጡበት ተነሱ። ሳይነግሩኝ ገባኝ።

አልቅሼ ሲወጣልኝ አዲስ አበባ ለወንድሜ ደወልኩለት። ለባሌ የነገረው ጉዞውን በጀመርን ማግስት ነው። "እሷ የምትደርስ ከሆነ ቀብሩን እናቆየው?" ብሎም ጠይቆት ነበር። ባሌ "አትደርስም" አለው። ከሮም አዲስ አበባ አንድ በረራ ነው። ሲያትል ከገባሁ ወዲህ ለእናቴ እንደዚያ ቀርቤ አላውቅም።

"መርዶ በሰው አገር፣ ሆቴል ውስጥ ይነገራል እንዴ ልጄ? ደግ አደረገ፤ ወግ ያውቃል" አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት። ሲያትል የአባቴ ርስት ይመስል! አንቱ የምላቸው ሰው ስለሆኑ በሆዴ ነው ያልኩት።

ለቀስተኛው ሁሉ ሲወጣ የባሌን እጅ እየጨበጠ ያመሰግነዋል። ያንን መዳፍ እኔ አውቀዋለሁ። ለተቀበረች እናቴ ጤና ስጸልይ ሻማዬን ከንፋስ የከለለልኝ ነው።