ከቀዩ ቀለም ሥር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ የሰማ ጆሮ የለም። የንስሐ አባቴ ስለ ጾም ጠይቀውኛል፣ ስለ ሐሰት ጠይቀውኛል፤ ስለ አንድ ዳዶ ግን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ። ዝርዝር አበዛለሁ፤ ታገሡኝ።

ናዝሬት ውስጥ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጋራዥ እሠራ ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ እየፈታሁ፣ የፈታሁትን ደብተር ላይ እየሳልኩ ነው የለመድኩት። ዋናው መካኒክ ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። ከአሰላ እስከ ዝዋይ የሚመላለሱ ሾፌሮች "መሪ ከሆነ የጋሽ ቶሎሳ እጅ ይንካው" ይሉ ነበር። ሞተር ሲበላሽ መኪናው ይቆማል፤ መሪ ሲበላሽ ግን ሰው እንደጫነ ይሄዳል። ስለዚህ ጋሽ ቶሎሳ በጋራዧ አንድ ሥርዓት አቁመው ነበር። የመሪ ዳዶ፣ በብሎን ላይ እየዞረ የሚጠብቀውን ብረት፣ ያጠበቀ ሰው ዳዶው ላይ የራሱን ቀለም ይቀባል። የእሳቸው ነጭ፣ የእኔ ቀይ።

ያን ጊዜ መለዋወጫ ከገበያ ጠፍቷል። ዳዶው በራሱ ዞሮ እንዳይፈታ በቀዳዳው አልፋ የምትቆልፈው ቀጭን ብረት፣ ኮፒሊያ የምንላት፣ እሷ እንኳን አትገኝም። ጋሽ ቶሎሳ ግን "መሪ በሽቦ አይታሰርም" ይሉ ነበር። "ኮፒሊያ ከሌለ መኪናው ይቁም።"

እኔ በሽቦ አሰርኩት።

የአሰላ መስመር አውቶቡስ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ቀበሌ ስብሰባ ሄደዋል። የግራውን ጎማ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን መጋጠሚያ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ ግራሶ ሞልቼ ገጠምኩ። ኮፒሊያ የለም። ሾፌሩ ግራሶ ብቻ እንድሞላ ትተውልኝ ሻይ ቤት ገብተዋል፤ አላስቸኮሉኝም፣ የፈታሁትንም አላዩም፤ ማንም አላስገደደኝም። እኔ ያጠበቅሁት ዳዶ አይፈታም ብዬ ነው። ሽቦ አሳለፍኩበት፤ ከዓመት በፊት ጋሽ ቶሎሳ በቀቡት ነጭ ላይም ቀይ ቀለሜን ቀባሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አውቶቡሱ ተመልሶ መጣ። ሾፌሩ ጋሽ አያሌው ገና ከበሩ ይጮሃሉ።

"ጓዶች! ይሄ መኪና ፖለቲካ ተምሯል መሰለኝ፤ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚያዘነብለው!"

ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው አዩ። አውቶቡሱ በግራ በኩል ዘመም ብሏል፤ ክብደቱን ከሚሸከሙት የባሌስትራ ብረቶች አንዱ ቅጠል ተሰንጥቋል። "ባሌስትራው ነው" አሉ። ግማሽ እውነት ነበር። እስከ ቀትር ታግለው ቅጠሉን ቀየሩ። ጋሽ አያሌው ሞክረውት ተመለሱ፤ መሪው አሁንም አንድ ስንዝር ካልዞረ ጎማው አይሰማም።

መሪ ዞሮ ጎማ ከዘገየ ጥፋቱ ከመጋጠሚያው ነው። ይህን ከደብተሬ አውቀዋለሁ። ከደብተሬ ብቻ ነው? አይደለም፤ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው የማውቀው። ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ ቁልፍ እያቀበልኩ ለምን ዝም አልኩ? ፍርሃት ነው ብል ታምኑኝ ነበር። አልነበረም። ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሾፌሮች ግራሩ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። አንዱ "ጋሽ ቶሎሳ፣ መነጽር ይግዙ እንጂ!" አለ። ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን እጃቸውን በጨርቅ ከሚገባው በላይ ጠረጉ።

ተነሣሁ። "ጋሽ አያሌው፣ መሪውን ወዲያ ወዲህ ያድርጉልኝ" ብዬ አውቶቡሱ ሥር ገባሁ። ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ጎማው ዝም ብሏል። ሽቦው ተበጥሷል። ዳዶው በሁለት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥሏል። ያ አውቶቡስ ከአሰላ ቁልቁለት ሰው ጭኖ ወርዶበታል። ይህን አይቼ ምን አደረግሁ? በካቻቢቴ ጫፍ ቀዩን ቀለሜን ፋቅሁት። እንደ ደረቀ ቅርፊት ተላጠ። ከሥሩ ነጩ ወጣ። ሽቦውን የምደብቅበት ኪስ ስላልነበረኝ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ዳዶውን በመዳፌ ይዤ ወጣሁ።

"ኧረ ልጁ!" ተባለ። "ስንት ሰው ያላየውን!"

ጋሽ ቶሎሳ ዳዶውን ተቀብለው ነጩን ቀለም አዩ። ማንም ሳይጠይቃቸው "የእኔ ነው" አሉ። ከዚያ ሣጥናቸውን ከፍተው ከጨርቅ ውስጥ አንዲት አዲስ ኮፒሊያ አወጡ። "ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ናት" ብለው ሰጡኝ። ሽቦውን ከማሰሬ በፊት ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ ይሰጡኝ ነበር።

ጥገናው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ነበር። መጋጠሚያውን እስኪያበራ ጠረግሁ፣ ዳዶውን አጠበቅሁ፣ ኮፒሊያዋን አሳልፌ ሁለት እግሯን አጠፍኩ። ክር ወጥሬ የፊት ጎማዎቹን ከኋላዎቹ ጋር አስተካከልኩ። ሾፌሮቹ ሁሉ ተሳፈሩ፤ በሸንኮራው መሀል ቀጥ ብሎ ወደሚሄደው የወንጂ መንገድ ወጣን። ጋሽ አያሌው ሁለት እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ።

"እዩ! እጄን እዩ!"

አውቶቡሱ እንደ ተወጠረው ክር ሄደ። ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ ዘፈን! ስንመለስ በትከሻቸው ተሸክመው ጋራዧን አዞሩኝ። "ተናገር እንጂ! አፉም በቁልፍ ነው እንዴ የሚፈታው?" አሉ ጋሽ አያሌው። ትሑት ነው አሉኝ። ምን ልናገር? ሰው ከአጠገቤ ስላልራቀ ሽቦው ገና ከምላሴ ሥር ነበር። ጋሽ ቶሎሳ መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። "ጋሪዳ፣ ልጄ፤ ጎበዝ ነህ" አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሾፌሮች "መሪ ከሆነ የልጁ እጅ ይንካው" ማለት ጀመሩ። ጋሽ ቶሎሳ አንድ ዳዶ ሦስት ጊዜ አጥብቀው "እስቲ አንተ እየው" ይሉኝ ነበር። አየሁላቸው። አንድም ጊዜ ልል ሆኖ አላገኘሁም። አንድም ጊዜ! ይህን እያየሁ "እጅዎ ደህና ነው" አላልኳቸውም። በመጨረሻ የነጩን ቀለም ቆርቆሮ ለእኔ ትተው ሞጆ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ሞጆ ሩቅ ነው? በአውቶቡስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ስድስት ዓመት አልሄድኩም።

ጋሽ ቶሎሳ፣ የተፈታው ዳዶ የእርስዎ አልነበረም። እጅዎ ከዚያ በፊትም አልሳተም፤ ከዚያም በኋላ አልሳተም። ቀዩን ቀለም የፋቅሁት እኔ ነኝ። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ፣ የደበቅሁት እኔ፣ የተሸከሙትም እኔን ነው። ይህን ወረቀት ነገ ሞጆ ድረስ ይዤ መጥቼ፣ ልጅዎ ባለችበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልዎታለሁ።

ይቅርታ ግን አልጠይቅም፤ ገና አልደረስኩበትም። ይህን ስጽፍ ያ መንገድ መጣብኝ፤ የጋሽ አያሌው እጆች በአየር ላይ፣ አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ስሜን እየጠራ። ብዕሬን አስቀምጬ ፈገግ አልኩ። ዛሬም ደስ አለኝ።